የሚያፈስ ቧንቧ አይፈነዳም

መድሃኔ አንዴ ካለ አለ ነው። ይህን የእንዳ ኢየሱስ ዳገት ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቅ ካለ ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው፣ ወይ ጆሮውን ይታከም። የመድሃኔ ሥራ የውሃ መስመር መክፈትና መዝጋት ነው። ከዓይናለም ጉድጓዶች የሚሳበው ውሃ ለመቀሌ ሁሉ በአንድ ቀን ስለማይዳረስ ሰፈር ሰፈሩ ተራ አለው፤ ተራው የደረሰውን ሰፈር ቫልቭ የሚከፍተው እሱ ነው። ቁመቱን የሚያህል የብረት ቁልፍ በትከሻው አጋድሞ ይወርዳል፣ የመንገዱን ክዳን ያነሳል፣ በሁለት እጁ ተጭኖ ሃያ ሁለት ጊዜ ያዞራል። በዋዜማው ግን ዳገቱ ጫፍ ላይ ይወጣና ይጣራል፦ "ነገ ረቡዕ! ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት!" ከዚያ በኋላ ሬዲዮ የሚያዳምጥ የለም። በርሜል ያለው በርሜሉን ያጥባል፣ የሌለው ይዋሳል።

አንድ ማክሰኞ፣ መድሃኔ "ነገ" ብሎ ከተጣራ በኋላ፣ ዓይናለም ላይ ሞተሩ ተቃጠለ። ሌላ ሰው ቢሆን "ሞተር ተቃጠለ" ብሎ ቤቱ ይገባል፤ ማንም አይፈርድበትም። መድሃኔ ግን ረቡዕ ብሏል። ሰባት አህያ ተከራይቶ፣ ጀሪካን ጭኖ፣ ከጉድጓዱ እስከ ዳገቱ ሲመላለስ ቆይቶ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በየደጃፉ አንዳንድ በርሜል ሞልቶ ተገኘ። ከአህዮቹ ስድስቱ በዚያው ሳምንት ሞቱ፤ ሰባተኛዋ እስከ ዛሬ ድረስ ረቡዕ ሲሆን ማንም ሳይነዳት ዳገቱን ትወጣለች ይባላል። ማን እንዳለ አይጠየቅም። የተጠየቀ ወሬ ውበቱ ይረግፋል።

ሰው በዚህ ይወደው ነበር። እናቱ ኣደይ ለተመድህን በሕይወት ሳሉ፣ "ታላቁ ልጄ እሺ ማለት ይወዳል፤ ታናሹ እሺ ካለ ያደርጋል" ይሉ ነበር። ታናሹ መድሃኔ ነው። ታላቁ ዓንደብርሃን ነው። ሁለቱ የተጣሉትም በዚሁ በቃል ነው።

ጦርነቱ ሲመጣ መድሃኔ ለሦስት ወር የቧንቧ ሥራ ሐዋሳ ሄዶ ነበር። መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ተቆረጠ፣ ሦስት ወሩ ሁለት ዓመት ሆነ። እናቱ ትኑር አትኑር ሳያውቅ የሰው አገር ቧንቧ ሲገጥም ከረመ። ስልኩ የተከፈተ ቀን አርባ ሰባት ጊዜ ደወለ፤ በአርባ ስምንተኛው ዓንደብርሃን አነሳ።

"እማ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት፤ ተኝታለች።"

በሁለተኛው ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። በሦስተኛው ጆሮዋ ስልክ አልሰማ ብሏል። በአራተኛው እንደገና ተኝታለች። እንዲህ እያለ ሁለት ወር። መድሃኔ ቃል የሚያከብር ሰው ነውና የሰው ቃልም ያምናል። ነጠላ ገዛላት፣ የጉልበት ቅባት ገዛላት፣ አውሮፕላን ላይ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ "እናቴ ጋ እየሄድኩ ነው" አለ።

ግቢው ሲገባ ጠዋት ነበር። አሥራ ሁለት ሽማግሌ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተደርድረዋል። የሰፈሩ አዛውንት ኣቦይ ኣታኽልቲ ብድግ አሉና፣ "መድሃኔ ወደይ፣ ልጄ፣ ተቀመጥ" አሉት።

አልተቀመጠም። "መቼ ነው?" አለ።

"በመጀመሪያው ዓመት፤ ጥር ላይ።"

መርድእ በስልክ አይነገርም። መርድእ የሞት ወሬ ነው፤ በጠዋት፣ ሽማግሌ ባለበት፣ የሚደግፍ እጅ በቀረበበት ነው የሚነገረው። ብቻውን ሩቅ አገር ያለ ሰው ከሰማው ማን ያነሳዋል? ስለዚህ ሰው ይዋሻል፤ ውሸቱም እንደ ውሸት አይቆጠርም። ይህን መድሃኔም ከልጅነቱ ያውቀዋል። ራሱም ለሌላ ሰው አድርጎታል። ያን ጠዋት ግን የቆጠረው "ተኝታለች" የሚለውን ቃል ነበር፤ ሃያ ሦስት ጊዜ ተብሎለታል። እናቱ አፈር ለብሳ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል ሃያ ሦስት ጊዜ ተኝታለች።

በሩ ላይ ቆሞ፣ ፌስታሉን እንደያዘ፣ በሰው ሁሉ ፊት ማለ። "ከዚህ ቤት ሬሳ ካልወጣ በቀር ይህን ደጃፍ ብረግጥ፣ ወንድሜንም ይቅር ብል፣ የእናቴ አጥንት ይፍረድብኝ።"

ከዚያ ማልቀስ ነበረበት። ጠበቀው፤ አልመጣም። ሲቀመጡበት እንደሚደነዝዝ እግር ከአንገቱ በታች ደነዘዘ። የደነዘዘ እግር ቆይቶ ይነዝራል፤ የሱ ግን ሳይነዝር ሦስት ዓመት አለፈው። ከእናቱ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ የምትጋራ ክፍል ተከራየና ገባ። ዓንደብርሃን ሲያስል ይሰማዋል። ሰምቶ ጎኑን ይቀይራል።

መሐላው ስለ ወንድሙ እንጂ ስለ ወንድሙ ልጅ አልነበረም፤ በዚህ ረገድ መድሃኔ ጠንቃቃ ነው። ስለዚህ የዓንደብርሃን ልጅ ሳሊና እንደ ልቧ ትመጣለች፣ ትሄዳለች። ዓዲ ሓቂ ያለው ዩኒቨርሲቲ ቲያትር ትማራለች። አንድ ቀን ቁልፉን እያቀበለችው፣

"ሓወቦይ፣" አለችው፤ ያባቴ ወንድም ማለቷ ነው፣ "አንድ ነገር እለምንሃለሁ፣ እሺ በለኝ።"

"ሳልሰማ እሺ አልልም፤ ካልኩ ቀረሁ።"

"ቲያትር ሥራ።"

"ምን ሠራሁና ነው የምትቀጪኝ?"

ነገሩ እንዲህ ነበር። መምህሯ አስማማው የደብረ ማርቆስ ሰው ነው፤ የጻፈው ትራጄዲ ደርሶ ዋናውን ሰው የሚሆነው ልጅ ድምፁ ከሁለተኛው ረድፍ አላልፍ አለ። ሳሊና እጇን አውጥታ፣ "ድምፅ ከሆነ የኔ ሓወቦይ እንዳ ኢየሱስ ላይ ሲናገር ዓዲ ሓቂ ላይ ሰው በርሜል ያወጣል" አለች።

መድሃኔ አዳራሹ ሲገባ አስማማው ከላይ እስከ ታች አየው። "ትምህርት እስከ ስንት ደርሰዋል፣ ጋሽ መድሃኔ?"

"ሰባተኛ ሁለት ጊዜ ገብቻለሁ መምህር። ሁለቱንም ጊዜ አልጨረስኩትም።"

"አማርኛውስ?"

"ሐዋሳ ላይ ከወላይታ ልጆች ነው የተማርኩት። እነሱ ከማን እንደተማሩ እንጃ።"

ተማሪዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ቀልድ ከአፉ ይወጣል፤ ውስጡ ግን ማንም የለም።

የቲያትሩ ሰው ፊታውራሪ አጥናፍ ይባላል። የሚወዳት በቅሎ ተገድላ ያገኛታል፤ ገዳዩን ሳይገድል እንደማያድር ይምላል። ገዳዩ ልጁ ሆኖ ይገኛል። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ በሦስተኛው ጊዜ ድንጋይ ተሸክሞ። አይሰማም። ልጁን ያስገድላል፣ ከዚያ ልጁ በቅሎዋን የገደላት አብዳ ሕፃን ልትረግጥ ስትል መሆኑን ይሰማል፣ ከዚያ በገዛ ጦሩ ላይ ይወድቃል። በአምስት ገቢር።

አስማማው በጠመኔ እጁ አየሩን እየቆረሰ አስረዳ። "ጀግናው ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ሲወድቅ እሰይ እንላለን። እንከን የለሽም አይደለም፤ ቢሆን ፈጣሪን እናማለን። እንደኛ ሰው ነው፤ አንዲት ስንጥቅ አለችው። ከውጭ የመጣ መብረቅ አይጥለውም፣ በዚያችው ስንጥቅ ይወድቃል።"

መድሃኔ እጁን አወጣ፤ ሰባተኛ ክፍል እንደተወው ነው ያወጣው። "ይኼ ሰውዬ ጎረቤት የለውም?"

"አለው።"

"አክስት?"

"ትኖረው ይሆናል።"

"በኛ ሰፈር ቢሆን ገና በመጀመሪያው ገቢር አርባ አክስት ወገቡን ይዘው መሬት ያስቀምጡት ነበር። ጦሩንም አንዷ ልብስ ማስጫ ታደርገዋለች።"

"ይይዙታል እኮ! የማይያዘው እሱ ነው።"

"ስንጥቁ የቱ ጋ ነው ታዲያ?"

"ቃሉን አለማጠፉ።"

"እሱማ ጥሩ ነገር ነው።"

"አዎ" አለ አስማማው። "ክፋቱም እሱ ነው። ስንጥቁ ያለው ጥሩው ላይ ነው።"

መድሃኔ ይህ ነገር በቃላት ባይገባውም በብረት ይገባዋል። "ልክ ነዎት መምህር" አለ። "የሚያፈስ ቧንቧ አይፈነዳም። በየመገጣጠሚያው ትንሽ ትንሽ ይተነፍሳል፤ ሰፈር ይራገምበታል እንጂ ዕድሜው ረጅም ነው። የሚፈነዳው ጠብ የማይለው ነው፣ መሐንዲሱ ያመሰገነው።"

አስማማው ዞሮ ነገሩን ቃል በቃል ሰሌዳው ላይ ጻፈው። ተማሪዎቹ ገለበጡት። አዳራሹ ውስጥ ጥቅሱ ስለ ማን እንደሆነ ያልጠረጠረ ተናጋሪው ብቻ ነበር። ሳሊና አንገቷን ደፍታ የጫማዋን ማሰሪያ ታይ ነበር።

አስማማው አንድ ጭንቀት ነበረው። ተማሪዎቹ መድረክ ላይ ወጥተው ከራሳቸው ቃል ይጨምራሉ፤ አንዱ ሽማግሌ ባለፈው ልምምድ ላይ ስለ ባጃጅ ታሪፍ አውርቷል። "እርስዎ እንኳ አንድ ቃል ሳይጨምሩ፣ አንድ ቃል ሳይቀንሱ" አለው።

"ብያለሁ" አለ መድሃኔ።

"እርግጠኛ ነዎት?"

ተማሪዎቹ ሁሉ በአንድ አፍ፣ "ኧረ መምህር፣ ብሏል እኮ!" አሉ።

ቲያትሩ ቅዳሜ ሊታይ፣ ረቡዕ ጠዋት ሳሊና ቫልቩ ጋ መጣች። መድሃኔ ማዞር ጀምሯል። አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

"ኣቦይ ሰኞ አዲስ አበባ ይሄዳል" አለች፤ አባቷን ነው። "ልቡን ሊከፍቱት ነው።"

"አራት" አለ መድሃኔ፤ እየቆጠረ ነበር።

"ቫልቩ ነው አሉ። የልቡ። ኣቦይ ምን አለ መሰለህ? 'ቫልቭ ከሆነ ምን ሩቅ ያስኬደኛል፣ ከግድግዳው ወዲያ ባለሙያ አለ' አለ።"

"አምስት።"

"ሐኪሙ ሃምሳ በመቶ ነው ብሏል።"

"እግዚአብሔር ያውጣው በይው። ስድስት።"

"አንተ በለው!"

"ደጁን አልረግጥም ብያለሁ።"

"ደጁን ማን ጠየቀህ? ግድግዳውን አንኳኳ! ሁለት ጊዜ፣ በጣትህ።"

"ይቅር አልልም ብያለሁ። ሰባት።"

ቀጥ ብላ አየችው። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለገች፤ ቁጣ ቢኖር ማብረድ ይቻላል። ፊቱ እንደ ታጠበ በርሜል ባዶ ነበር።

"ሽማግሌ ቢመጣስ?"

"ሁለት ጊዜ መጥተዋል። በመጣ ሰው ቁጥር ቃል አይሟሟም።"

"ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ቢመጣስ፣ ሓወቦይ? ሺህ ሰው እያየ?"

መድሃኔ ወደ ዘጠኝ አለፈ። ቲያትሩን የምታወራ መሰለው። "ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው ማን ይመልሳል?" አለ።

ሳሊና ብድግ አለች። ቀሚሷን አራገፈች፤ ሳትሰናበተው ዳገቱን እየሮጠች ወጣች።

ቅዳሜ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተንጠለጠለ። ከእንዳ ኢየሱስ ብቻ አምስት ባጃጅ ሙሉ ሽማግሌ መጥቶ የፊተኛውን ረድፍ ያዘ፤ የውሃው መድሃኔ ፊታውራሪ ሆነ ተብሎ። መድሃኔ የካኪ ሱሪና ካባ ለብሶ ወጣ። ድምፁ ጣሪያውን መታው፣ ተመለሰ። አንድ ቃል አልሳተም። አንዲት ሴትዮ ገና በሁለተኛው ገቢር ማልቀስ ጀመሩ፤ በቅሎዋን ነው ያዘኑላት።

ሦስተኛው ገቢር ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ተማሪ፣ የጥጥ ጢም፣ አንገታቸው ላይ ጥቁር ቀለም የተቀባ ስፖንጅ፤ ከሩቅ ድንጋይ ይመስላል። ተንበረከኩ። መድሃኔ አሁን የሚለው ይታወቃል፤ ልምምድ ላይ መቶ ጊዜ ብሎታል። አፉን ሊከፍት ሲል ከጎን የመድረኩ ደረጃ ሲጢጥ ሲል ሰማ፤ ከዚያ ሳል። ያንን ሳል ያውቀዋል። ሦስት ዓመት በግድግዳ ሰምቶታል።

አራተኛው ሽማግሌ ጢሙ የራሱ ነበር። ጋቢ ለብሷል፣ ጎብጧል፣ አንገቱ ላይ የተሸከመው ድንጋይ ከእናታቸው ግቢ የተነሳ ነው፤ ኣደይ ለተመድህን በሩን ይደግፉበት የነበረው፣ አንድ ጎኑ የለሰለሰ። የጥጥ ጢም ያጠለቁት ልጆች ወደ ጎን ገለል አሉለት። ዓንደብርሃን በጉልበቱ ሲወርድ መድረኩ ድም አለ። ስፖንጅ እንደዚያ አይልም።

"መድሃኔ ሓወይ" አለ። በትግርኛ ነው የተናገረው፤ ቲያትሩ በአማርኛ ነበር። "ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ። ሞታ ሳለ ተኝታለች ብዬሃለሁ። ብቻህን እንዳትወድቅብኝ ብዬ ነው። ስለ እናታችን ብለህ ይህን አውርድልኝ።"

የፊተኛው ረድፍ ገባው። ኣቦይ ኣታኽልቲ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ፣ ከዚያ ረድፉ፣ ከዚያ አዳራሹ ግማሽ። "ይቅር በል! በል እንጂ ወደይ! ታላቅህ ነው!" ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች፣ "አዘጋጁ ዘመናዊ ነው፤ ተመልካቹንም አሠልጥኖታል" ተባባሉ። መጋረጃው ጥግ ሳሊና ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች። አስማማው ጽሑፉን እንደያዘ ቆሟል፤ የቱ ገጽ ላይ እንዳሉ ጠፍቶታል።

ድንጋይ የተሸከመ ሰው ራሱ አያወርደውም። የሚያወርድለት የተበደለው ነው፤ ካወረደለት አለቀ፣ ያን ዕለት አብረው ይበላሉ። መድሃኔ ይህን ያውቃል። ቀኝ እጁ ከጎኑ ሲነሳ አየው፤ የሌላ ሰው እጅ ነበር የሚመስለው፣ ከካባው ውስጥ ቀስ ብሎ የወጣ። ውስጡን ፈለገው። ቁጣውን ፈለገ፣ አጣው። ፍቅሩን ፈለገ፣ የነበረበትን ቦታ አገኘ። ወደ አፉ የቀረበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቀጣዩ ቃል። አንድ ቃል ሳይጨምር፣ አንድ ቃል ሳይቀንስ ብሏል። በእናቱም አጥንት ብሏል። ሁለት ጊዜ ያለ ሰው ነው።

እጁን መለሰ።

"የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!" አለ፤ ጣሪያው መለሰለት። "ድንጋያችሁን ይዛችሁ ውረዱ።"

በአማርኛ ነው ያለው።

ኣቦይ ኣታኽልቲ ተቀመጡ፤ የተቀመጡ ሳይሆን የወደቁ ይመስሉ ነበር። ከኋላ ጭብጨባ ተነሳ፣ ጠነከረ፣ አዳራሹን ሞላ። ዓንደብርሃን ለመነሳት ሁለቴ ሞከረ፤ የጥጥ ጢም ያለው አንዱ ልጅ ክንዱን ያዘለት። ከነድንጋዩ ስድስቱን ደረጃ አንድ በአንድ ወረደ። መድሃኔ ደረጃውን በጆሮው ቆጠረ፤ የመቁጠር ልማድ ነው። ከዚያ የቀሩትን ሁለት ገቢሮች ተጫወተ፣ ልጁን አስገደለ፣ ጦሩ ላይ ወደቀ፣ ሞተ፣ ተነሳና እጅ ነሳ።

መጋረጃው ሲዘጋ አስማማው መጣ። "ጋሽ መድሃኔ፣ ያ ሰው…"

"ወንድሜ ነው።"

"ታዲያ ለምን አላቆሙትም? ለምን ቲያትሩን አላቆሙትም?"

"አንድ ቃል አልለውጥም ብዬዎት ነበር።"

አስማማው የፊታውራሪው ዙፋን ላይ ቁጭ አለ። ዙፋኑ ካርቶን ስለነበር አብሮት ወደ ውስጥ ገባ። ማንም አልሳቀም።

ሳሊና ውጭ ቆማ ነበር። "ማን ይመልሳል ብለኸኝ" አለችው። "ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ማን ይመልሳል ብለኸኝ ነው ያመጣሁት!"

"ጥያቄ ነው የጠየቅሁሽ" አለ መድሃኔ። "ቃል አልሰጠሁሽም።"

እሷም እንደ ዙፋኑ ነበር ወደ ውስጥ የገባችው። ከዚያ ቀን ወዲያ ቁልፍ አላቀበለችውም።

እሑድ ግድግዳው ዝም አለ፤ ሳልም የለም። ሰኞ የቁልቁለቱ ሰፈር ተራ ነበር፣ ሁለት ሰዓት ብሏል። ሁለት ሰዓት ላይ እያዞረ ሳለ ባጃጅ ከዳገቱ ወረደችና አጠገቡ ስትደርስ ቀስ አለች። ዓንደብርሃን ውስጥ ነው፣ ሚስቱ ኣብረኸት አጠገቡ፣ ድንጋዩ በነጠላ ተጠቅሎ ጉልበቱ ላይ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። መድሃኔ አሥራ ሁለተኛው ላይ ነበር። ቫልቭ መሃል ላይ ቢተዉት ውሃው ይመታል፣ ቧንቧ ይሰብራል። ራሱን ነቀነቀ፤ ሰላምታ ይሁን ቆጠራ አልለየም። ባጃጇ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ሄደች።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የሆነውን በኋላ ሰፈሩ ሁሉ አውርቶታል። ፈታሹ፣ "አባባ፣ ይሄ ምንድነው?" አለ። "ድንጋይ።" "ምን ያደርግልዎታል?" "ወንድሜ እስኪያወርድልኝ ነው።" ፈታሹ አለቃውን ጠራ፤ አለቃው የሽማግሌ ልጅ ነበርና ድንጋዩን ሳመና አሳለፈው። እስከዚህ ድረስ ኣብረኸት የተናገረችው ነው። ድንጋዩ የራሱ ወንበር ተሰጥቶት፣ ቀበቶ ታስሮለት፣ አስተናጋጇ "ሻይ ወይስ ውሃ?" ብላ ጠየቀችው የሚለውን የጨመረው ሰፈሩ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት መድሃኔ ስልኩን አወጣ። መሐላው ስለ ኣብረኸትም አልነበረም። ቁጥሯን ከጎረቤት ነው የተቀበለው፤ ደወለ፣ በሦስተኛው ጥሪ አነሳች።

"ኣብረኸት፣ እኔ ነኝ። እንዴት ነው?"

ከወዲያ ትንፋሽ ተሰማ። ከኋላ ሰው ያንሾካሹካል። ወንበር ተጎተተ።

"ደህና ነው" አለች። "ተኝቷል።"

መድሃኔ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቆመ። ከፊቱ አንዲት ሴት ጀሪካን እያንከባለለች ወደ ታች ትወርዳለች፤ ጀሪካኑ ባዶ ነው፣ ድምፁ ያስታውቃል። ድምፁ እስኪጠፋ ሰማው።

"እሺ" አለ። "አትቀስቅሽው።"

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲመጡ፣ ክፍሉ ደጃፍ ላይ አሥራ ሁለት መቀመጫ ደርድሮ ጠበቃቸው። ከየት እንዳሰባሰበው እንጃ፤ በርሜል የተገለበጠም ነበረበት። ኣቦይ ኣታኽልቲ መቀመጫዎቹን አዩ፣ እሱን አዩ፤ ሊናገሩ ያዘጋጁትን ዋጡት። ተቀመጡ። እሱም ተቀመጠ። የሚደግፍ እጅ በሁለቱም በኩል ነበር፤ የሚደገፍ ነገር አልነበረም።

ሬሳው ቅዳሜ መጣ። ከእናታቸው ቤት ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ መድሃኔ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሳጥኑ ደጃፉን አለፈ። የመጨረሻው ተሸካሚ እግሩን ካነሳ በኋላ፣ መድሃኔ ያን ደጃፍ ከሦስት ዓመት በኋላ ረገጠ። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። የናቱ አልጋ እንዳለ ነው። ወጥቶ ሳጥኑን ተከተለ።

"ቃሉን ጠበቀ" አለ አንድ ሰው ከኋላ፤ ማድነቁ ይሁን መርገሙ አልለየም። ሳሊና ዞራ ሰውየውን አየችው፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ከቀብር መልስ ኣብረኸት ሐኪም ቤት የሰጣትን ፌስታል አመጣችለት። ውስጡ ነጠላ ጫማ፣ ቀበቶ፣ የስልክ ቻርጀርና ድንጋዩ።

"አልጋው ሥር ነበር" አለች። "ነርሶቹ ሊጥሉት ሲሉ እምቢ ብዬ ነው። እሱን ወደ ቀዶ ጥገናው ሊወስዱት ሲሉ ምን አለኝ መሰለህ? 'አንቺ እንዳታወርጂው' አለኝ።" ከዚያ ፌስታሉን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። "በል እንግዲህ።"

መድሃኔ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አወጣው። አራት ኪሎ ቢሆን ነው። አንድ ጎኑ ለስላሳ። በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘው፤ ከየት እንደሚያወርደው ግን ጠፋው። ሰው እየገባ፣ ሰው እየወጣ፣ እሱ ድንጋዩን እንደያዘ ቆመ። ኣቦይ ኣታኽልቲ ገብተው፣ "ወደይ፣ አስቀምጠው" አሉት። "የት ጋ?" አለ። እሳቸውም አላወቁም።

ዳገቱ ተራው የደረሰው በሚቀጥለው ረቡዕ ነው። ማክሰኞ ማታ ወደ ጫፉ ሲወጣ ሰው አየው፤ ጩኸት ግን አልተሰማም። በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን በትከሻው ይዞ ሲወርድ አንዲት ጎረቤት በሩ ላይ ያዘችው።

"መድሃኔ! ዛሬ ነው እንዴ? ትናንት ምነው ዝም አልክ?"

ቆመ። ሊል የሚችለውን ሁሉ በአፉ ውስጥ አገላበጠው።

"ይሆናል" አለ።

"ይሆናል ማለት ምን ማለት ነው? አዎ ነው ወይስ አይደለም?"

"ይሆናል።"

ሴትዮዋ በሩን ዘጋችና ለባሏ፣ መድሃኔ ይሆናል አለ ብላ ነገረችው። ባሏ አላመናትም። ጎረቤትም ሰማ፣ ተከራከረ፤ ከድሮ ጀምሮ ይህን ቃል ከአፉ የሰማ ሰው ስላልነበረ ማንም ምን ማድረግ እንዳለበት አላወቀም።

ውሃው ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። በርሜል ያወጣ ግን አልነበረም።